ለሮዳስ የምትቆም ባጃጅ

የጠባሴ ሰፈር የጠዋት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ያን ሰኞ መምህርት ማኅደረማርያም ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ከመንገዱ ማዶ ቴዎፍሎስን አየችው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ሮዳስን እንደ እናት በነጠላ አዝሏታል። የታጠፈው ዊልቸር እግሩ ሥር ተጋድሟል። እጁን ዘርግቶ ባጃጅ ያስቆማል።

አንዱ ባጃጅ ቀዝቀዝ ብሎ መጣና ዊልቸሩን ሲያይ ነዳው። ሁለተኛው አንገቱን አውጥቶ «ወንበሩን የት ላድርገው ወንድሜ?» ብሎ አለፈ። ሦስተኛው ጭራሽ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«አባ፣ ዛሬም በእግርህ ነው» አለች ሮዳስ ከጀርባው ላይ።

የተናገረችው እንደ ቀልድ ነበር። አባቷ ግን ዊልቸሩን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ወገቡን ይዞ ለአፍታ ደርቆ ቀረ። እንደምንም ቀና ሲል ዓይኑ ከማኅደር ዓይን ጋር ተጋጠመ። ሕመሙን እንዳየችበት ዐወቀ። ፈገግ ሊል ሞከረ። ያቺ ያልሞላች ፈገግታ ማኅደርን ቀኑን ሙሉ ስትወጋት ዋለች፤ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍም፣ ደብተር ስታርምም።

ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቴዎፍሎስ በደብረ ብርሃን አንዲት ጠባብ ብየዳ ቤት ያለችው፣ ሚስቱን ከቀበረ አራት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ሮዳስ ከተወለደች ጀምሮ ከወገቧ በታች አይታዘዛትም። ማኅደር የሮዳስ አስተማሪ ሆና በመጣች በወሩ፣ አንድ ቅዳሜ ቴዎፍሎስ ማንም ሳይጠይቀው በክፍሉ ደረጃ ላይ የሚዘረጋ የብረት መወጣጫ በይዶ አመጣና ገጠመ። ርእሰ መምህሩ ዋጋውን ሲጠይቁት «ለልጄ ብቻ አይደለም፤ እግሩ ለደከመው ሁሉ ነው» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ማኅደር በመስኮት ታየው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሮዳስ ትምህርት ሲነጋገሩ ወሬው እየረዘመ፣ «እርስዎ» መባባሉም እየቀረ መጣ። አንድ ዝናብ የጣለ ቀን «ረጥበሻል» አላትና ራሱ ደነገጠ። እሷ ግን «እንደሱ በለኝ» አለችው።

ከዚያ በላይ ግን ሁለቱም አልደፈሩም። ማኅደር የአንኮበሩ የመሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ልጅ ናት፤ ዘሯ እስከ ሰባት ቤት በቅዳሴና በማሕሌት የሚቆጠር። ቴዎፍሎስም የአንኮበር ሰው ነው፤ የቀጥቃጭ ልጅ። አባቱ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ፣ እናቱ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የአገሩ ሰው ማረሻቸውን ይገዛል፣ በድስታቸው ያበስላል፤ እነሱን ግን «ጠይብ» ብሎ ከማዕድ ያርቃል፣ ዓይናቸውንም ይፈራል። ዘመኑ ተለወጠ ይባላል። የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ሰው አሮጌውን ሚዛን ከጓዳ ያወጣል።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ለቴዎፍሎስ ቁርጡን ነገረው፤ ልጅቱን ማዘሉን ካላቆመ እሱም ወንበር ላይ ይቀራል። ሮዳስ ደግሞ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ትገባለች፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ማኅደር ይህን ስትሰማ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከኋላዋ የምትከፈት፣ መወጣጫ ያላት፣ ዊልቸር ከነሰውየው የምታስገባ አንዲት ባጃጅ ብትኖርስ? ቤት ለቤት ስትጠይቅ እንደ ሮዳስ ያሉ ሰባት ልጆች አገኘች። ሁለቱ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። መምህራኑን አስተባበረች። ኮሚቴ ተቋቋመ። የብርድ ልብስ ነጋዴም ባለ ሆቴልም የሆኑት አቶ ኃይለኢየሱስ ሰብሳቢ ሆኑ። ማኅደር ያን ሰሞን ሌሊቱ አጥሮባት፣ ቀኑም አልበቃት ብሎ፣ ልቧ ግን እንደ ልጅ ልብ ይዘል ነበር።

* * *

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ባነር ነው።

ከአቶ ኃይለኢየሱስ ሆቴል ፊት ለፊት ተሰቀለ፤ የአንድ ፎቅ ቁመት አለው። ፎቶው ሮዳስ ባለፈው ክረምት የዊልቸሯ ጎማ ወልቆ ጭቃ ላይ የወደቀችበት ነው፤ ፊቷ በጭቃ ተለውሷል፣ ታለቅሳለች። ከላዩ «ይህችን ምስኪን ለነፍስዎ ብለው ይዘኑላት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «አስተባባሪ፦ መምህርት ማኅደረማርያም ገብረመንፈስቅዱስ»።

ማኅደር ባነሩን ሳታየው ደብዳቤው ቀደማት። ሮዳስ የቤት ሥራ ደብተሯን ስታስረክብ ቀና ብላ አላየቻትም። በደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«ለተከበሩ መምህርት ማኅደረማርያም፤

ለልጄ ያደረጉትን ሁሉ እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ። ትናንት ሮዳስን ይዤ በሆቴሉ በር ሳልፍ ራሷን ግድግዳ ላይ አየች። ምንም አላለችም። ይህች ልጅ ምንም ያላለችበትን ቀን አላስታውስም። ቤት ስንገባ ‹አባ፣ እኔ ምስኪን ነኝ?› አለችኝ።

እኔ ስድብ ለምጃለሁ። ሰው ሲጸየፈኝ እንዴት እንደሚቆም አባቴ አስተምሮኛል። ሰው ሲያዝንልኝ እንዴት እንደሚቆም ግን አልተማርኩም፤ ለልጄም ላስተምራት አልችልም። ከሥሩ የእርስዎን ስም ሳነብ፣ እስካሁን ያሳዩኝ ፈገግታ ለቴዎፍሎስ ሳይሆን ለምስኪኑ ሰው እንደነበር ገባኝ። ባጃጁ ይቅርብን። ወገቤ እስኪቆረጥ አዝላታለሁ።

ቴዎፍሎስ»

ማኅደር ከሁሉ በላይ ያሳመማት «እርስዎ» የሚለው ቃል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ያፈረሱትን አጥር ሰውየው በአንዲት ቃል መልሶ አቆመው። ተማሪዎቿ ፊት እንዳታለቅስ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጠመኔውን አንሥታ ምን እንደምትጽፍ ጠፋት።

* * *

ትምህርት ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄደች። ከዘበኛው መሰላል ተቀበለች። ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችና የባነሩን ገመድ በምላጭ በጠሰችው። መንገደኛው ቆሞ ያይ ጀመር። አቶ ኃይለኢየሱስ ከውስጥ ወጡ።

«ምን እየሠራሽ ነው መምህርት? ሰው እጁን የሚዘረጋው አልቅሶ ነው። ዓለም እንዲህ ናት።»

«እንግዲያው አይዘርጋ» አለች ከመሰላሉ ላይ።

«እኔ እጄን ባነሣ ይህ ነገር ዛሬውኑ ይሞታል።»

«ይሙት፣ ጋሼ። ልጅቱን ግን ጭቃ ላይ ጥዬ ባጃጅ አልገዛም።»

ሰውየው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የማን ልጅ እንደሆነች ያልሰማሁ መስሎሽ ነው? የጠይብ ልጅ ናት። እስካሁን ዝም ያልኩት ለአባትሽ ክብር ስል ነው።»

ማኅደር ወረደች። ባነሩን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች። «ለአባቴ ክብር የእርስዎ ዝምታ አያስፈልገውም» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ፊቷ እንደ እሳት ይነድ ነበር።

ብየዳ ቤቱ ስትደርስ ቴዎፍሎስ የብየዳ መነጽሩን አጥልቆ በአንድ የመስኮት ፍሬም ላይ ጎንበስ ብሏል። ብልጭታው እስኪያበቃ መሬት መሬት እያየች ቆመች። መነጽሩን ሲያነሣ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ በብብቷ የያዘችውን አየ።

«እኔ አልሰቀልኩትም» አለች። «የላክኩት ሮዳስ ስትስቅ የተነሣችውን ነው። ያን ፎቶ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ስሜን ሲጽፉ አልጠየቁኝም። አንተም ደብዳቤ ስትጽፍ አልጠየቅከኝም።»

ቴዎፍሎስ ጥቀርሻ የነካውን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ጨርቁ ከእጁ ይብስ የቆሸሸ ነበር።

«የአባትሽን የግቢ በር የሠራነው እኔና አባቴ ነን» አለ በመጨረሻ። «የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት። ሦስት ቀን ስንሠራ ምሳችን የሚመጣው ከበሩ ውጭ፣ በተለየ ሳሕን ነው። ሳሕኑን ስንመልስ እናትሽ በእንጨት ጫፍ ገፋ አድርገው ጥግ አስያዙት። አልተቀየምኳቸውም፣ ማኅደር። ግን አልረሳሁትም። አንቺ ያደግሽው በዚያ ግቢ ውስጥ ነው።»

ማኅደር ሳሕኑን አስታወሰችው። ጠርዙ የተሸረፈ ሰማያዊ ሳሕን። ለምን ለብቻው እንደሚቀመጥ በልጅነቷ ጠይቃ «ዝም በይ» ተብላለች። ዝምም ብላለች።

«የማድግበትን ግቢ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም» አለች። «የምገባበትን ግን እኔ እመርጣለሁ።»

ዓይኑን ከዓይኗ መንቀል አቃተው። ከጥግ ሆና የቤት ሥራዋን ስትሠራ የነበረችው ሮዳስ ቀና አለች።

«ሁለታችሁም በእኔ ጉዳይ ትጣላላችሁ። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።»

ማኅደር ወደ ልጅቱ ሄዳ ቁጢጥ አለች። «እሺ፣ ይቅርታ። ምን ትያለሽ?»

«ባጃጇን እፈልጋለሁ፣ ቲቸር። ለምኜ ግን አይደለም። አንኮበር አያቴ ዘንድ በወንበሬ እሄዳለሁ። አርባ ኪሎ ሜትር ነው አይደል? ማዘን የሚፈልግ እቤቱ ይዘን። መግፋት የሚፈልግ ይምጣ። የገፋ ይከፍላል።»

«የገፋ ነው የሚከፍለው?» አለ አባቷ።

«አዎ። እኔን መግፋት በነጻ ነው እንዴ?»

ቴዎፍሎስ ሳቀ። ማኅደር ያን ሳቅ ሰምታው አታውቅም ነበር። ከደረቱ የወጣ፣ ለብዙ ዓመት ተዘግቶበት የኖረ ሳቅ ነበር። አብራው ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

* * *

ወሬው ከማኅደር ቀድሞ አንኮበር ገባ። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት አባቷ ደወሉ።

«ማኅደር፣ የሚወራውን ሰማሁ» አሉ መሪጌታ። «ልጅቱን መርዳት ጽድቅ ነው። ከአባቷ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ በአገሬ አደባባይ መግባት ግን ሌላ ነው። ብቻሽን ነይ። ካልሆነ ቅሪ።»

«እመጣለሁ አባባ። ብቻዬን ግን አይደለም።»

ስልኩ ተዘጋ። በሕይወቷ ለአባቷ እንዲህ መልሳ አታውቅም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፤ ፍርሃቱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ፍርሃቱ አላለፈም፤ ይዛው ተነሣች።

በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አርባ የሚያህል ሰው ተሰበሰበ። መምህራን፣ የሮዳስ የክፍል ጓደኞች ከነወላጆቻቸው፣ የብየዳ ቤቱ ጎረቤቶች። ቴዎፍሎስ ለቁልቁለቱ ብሎ ለዊልቸሩ የእጅ ፍሬን ሠርቶለታል። ገና ሳይነሡ አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ከውስጡ ቆፍጣና ጎልማሳ ወረደ፤ ሙኽታር ይባላል፣ የአልዩ አምባ ሰው ነው።

«ያን ሰኞ ፊቴን አዙሬ ያለፍኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ቴዎፍሎስን ሳይሆን ሮዳስን እያየ። «ወንድም ነበረኝ፤ እግሩ አይሄድም ነበር። ሃያ ዓመት ከቤት ሳይወጣ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። ዊልቸር ሳይ እሱ ይመጣብኛል። ወላሂ ከክፋት አይደለም።»

«ከክፋት ካልሆነ ግፋ» አለችው ሮዳስ።

ከፈለና ገፋ። አንድ ኪሎ ሜትር ብሎ ጀምሮ ሦስት ገፋ።

መንገዱ የገብስ ማሳዎችን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ነፋሱ ከፊት ይመታል። በየመንደሩ ሰው እየወጣ ያይ ነበር። ማሳው ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ጠይቀው ሲረዱ ወደ ጋጣቸው ሄዱና ጠቦት ይዘው ተመለሱ። «ገንዘብ የለኝም» አሉ። «ልጄን ሃያ ዓመት ቤተ ክርስቲያን በጀርባዬ አመላልሻለሁ። አሁን እሷም የለች፣ ጀርባውም የለ። ይችን ሽጡና ጨምሩበት።» ጠቦቷን ሮዳስ ጭን ላይ አስቀምጠው፣ በትራቸውን ለማኅደር አስይዘው እሳቸውም ተራቸውን ገፉ።

ሁሉም ግን እንደሳቸው አልነበረም። ከቀትር በኋላ ባለፉበት መንደር አንዲት ሴት ቴዎፍሎስን ስታይ የአባቱን ስም ጠርታ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች፤ ወዲያው ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገባች። አንድ ሰው «የጠይብ ዓይን ለማየት ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» አለ። የሳቁም ነበሩ።

የቴዎፍሎስ መንጋጋ ሲጠብቅ ማኅደር አየች። እርምጃው ዘገየ፤ ከሰው ኋላ ሊሆን ፈለገ። ያኔ እጁን ያዘችው። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሸካራ ነበር፣ በብየዳ ጠባሳ የተሞላ። ሊያወጣው ሞከረ።

«ተይ፣ ማኅደር። እያዩ ነው።»

«እንዲያዩ ነው የያዝኩት።»

እጁ ለአፍታ እንደ ብረት ደርቆ ቆየና፣ ቀስ ብሎ በእጇ ውስጥ ላላ።

* * *

ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከቆላው ሲወጣ፣ አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ መግቢያ ደረሱ። መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ መሐል መንገድ ላይ ቆመዋል። ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ከኋላቸው ሚስታቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም አሉ፤ ዳርና ዳር የአገሩ ሰው። ጉዞው ቆመ።

መሪጌታ መጀመሪያ ያዩት የተያያዘውን እጅ ነው።

«እጁን ልቀቂ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«አልለቅም አባባ።»

«ሰባት ትውልድ ያቆመውን ስም በአንድ ቀን ልታፈርሺው ነው?»

ማኅደር አባቷን ትወዳቸዋለች። ፊደል ያስቆጠሯት፣ ስትታመም ራስጌዋ ዳዊት ሲደግሙ ያደሩ አባቷ ናቸው። ስትናገር የተሰማት ድፍረት ሳይሆን ሕመም ነበር።

«አባባ፣ በማሕሌት የሚጸነጽሉበትን ጸናጽል ማን ሠራው? የቴዎፍሎስ አያት ናቸው፤ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ዛሬ ጠዋት የተሳለሙትን መስቀል ማን ቀጠቀጠው? ሥራው ይሳማል፣ የሠራው እጅ ግን ይጸየፋል? ይህ የት ተጽፏል? መጽሐፉን ያሳዩኝ። ካሳዩኝ አሁኑኑ እጁን እለቃለሁ።»

መሪጌታ የመጻሕፍት ሰው ናቸው፤ ስለ ክርክር ብለው አይዋሹም። ረጅም ጊዜ መሬቱን አዩ።

«አልተጻፈም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ኖረንበታል።»

ዞረው ወደ ቤታቸው አቀኑ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ግን ባሉበት ቆሙ። ሮዳስን አዩ፤ በብርዱ ከንፈሯ ጠቁሯል። ቀረብ ብለው ከራሳቸው ላይ ነጠላቸውን አወረዱና የልጅቱን ጉልበት ሸፈኑላት። ቴዎፍሎስን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። ከዚያም ባላቸውን ተከተሉ።

ማኅደር የአባቷ ጀርባ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ አየችው። አንድም ጊዜ ዞር አላሉም።

* * *

የቴዎፍሎስ እናት ቤት ከገደሉ አፋፍ ላይ ናት። እንግዳው ሁሉ ሮዳስን ከቦ ገብስ ቆሎ ሲቆረጥም ማኅደር ወደ ውጭ ወጣች። ቴዎፍሎስ ተከተላት። ከታች የአልዩ አምባ ቆላ በመጨረሻው ፀሐይ ይታያል። ጎን ለጎን ቆሙ።

«ተመለሺ፣ ማኅደር» አለ። «አባት አንድ ነው። ነገ ጠዋት ሄደሽ ጉልበታቸውን ሳሚ። እኔ በልቤ አልቀየምሽም። የዛሬዋ ቀን እስክሞት ስንቄ ናት።»

«ስንቅ አታድርገኝ» አለች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «በሕይወት ያለሁ ሰው ነኝ፣ አጠገብህ ቆሜያለሁ። ይህን ሁሉ መንገድ እጅህን ይዤ የመጣሁት ትዝታ ልሆንህ መሰለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ደጅ አያስገቡም።»

«ሽማግሌዎቹን ወደ እኔ ላካቸው። እኔው እቀበላቸዋለሁ። ‹ልጅቷን ስጡን› ሲሉ፣ እኔው ‹ሰጥቻለሁ› እላቸዋለሁ።»

ብረት የሚያጎብጥ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ማኅደር አቀፈችው። አንኮበር ላይ ነፋሱ በረታ፤ እሷን ግን አልበረዳትም።

* * *

የተሰበሰበው ገንዘብ አዲስ ባጃጅ አልገዛም። ሙኽታር ይህን ሲሰማ የራሱን ባጃጅ ቁልፍ አምጥቶ ብየዳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። «ባላችሁ ገንዘብ ውሰዷት» አለ። «ለሌላ ሹፌር ግን አትስጧት። ደመወዝ ቁረጡልኝና እኔው እነዳታለሁ።» ቴዎፍሎስ ክረምቱን ሙሉ ሠራት። ከኋላዋ ቆርጦ ሰፊ በር አወጣላት፤ ወለሏን ዝቅ አደረገ፤ የሚታጠፍ መወጣጫና ዊልቸሩን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ቀበቶ ገጠመላት። እየቆረጠ ሳለ ሮዳስ አጠገቡ ተቀምጣ ልኩን በራሷ ወንበር ትለካለት ነበር።

ሽማግሌዎቹም መጡ፤ ሙኽታር፣ ጠቦቷን የሰጡት አዛውንትና አንድ መምህር። በማኅደር የኪራይ ቤት ደጃፍ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅ ፈልገን መጥተን ነበር» አሉ አዛውንቱ።

«ልጅቷ እኔ ነኝ። ግቡና ተቀመጡ» አለች ማኅደር። የመጡበትን ሳይጨርሱ አላስቸኮለቻቸውም፤ እነሱ ሥርዓቱን አንድ ሳያጎድሉ አደረሱ፣ እሷም አንድ ሳታጎድል መለሰችላቸው። ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ።

ትምህርት በተከፈተበት የመስከረም ሰኞ ባጃጇ ልጆቹን ከየቤታቸው መሰብሰብ ጀመረች። ትምህርት ቤት ረግጠው የማያውቁት ሁለቱም ከነዊልቸራቸው ተራቸውን ጠበቁ። ሮዳስ ሰባተኛ ክፍል ልትገባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ስትወጣ ለአባቷ እጇን አወዛወዘች እንጂ ዞራ አላየችውም፤ የምታየው ከፊቷ ያለውን መንገድ ነበር።

ባጃጇ ከብየዳ ቤቱ ደጅ ተነሥታ ከታጠፈች በኋላ ማኅደር ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች። ከአንኮበር የመጣ መንገደኛ ነበር ማታ ያደረሰላት፤ ለብቻዋ ልትከፍተው አልፈለገችም። የአባቷን የቁም ጽሕፈት ከሩቅ ታውቀዋለች።

«ልጄ ማኅደር፤

የጠየቅሽኝን አራት ወር ሙሉ መጻሕፍቱን አገላብጬ ፈለግኩት። አላገኘሁትም። ልቤ ግን እንደ ዓይኔ ቶሎ አያነብም። ለሠርግሽ አልመጣም። እናትሽ ልሂድ ብላለች፤ አልከለከልኳትም። አልረገምኩሽም። ይህን እወቂ።

አባትሽ»

«ምን ይላሉ?» አለ ቴዎፍሎስ።

«አልመጣም ይላሉ።»

«ታዲያ የምትስቂው?»

«እያለቀስኩም ነው» አለች።

ወረቀቱን ገለበጠችና እዚያው፣ በብየዳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መልሱን ጻፈች። «አባባ፤ ቀስ ብለው ያንብቡ፤ እጠብቅዎታለሁ። ሠርጌን ግን አላዘገየውም።» ለአንኮበሩ ሚኒባስ ሹፌር ራሷ ወስዳ ሰጠችው። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቷ መንገዱን ስትጀምር ልቧ ውስጥ ኀዘኑም ደስታውም እኩል ሞልቶ ነበር። ሁለቱም ራሷ የመረጠቻቸው ነበሩና፣ አንዱንም ሳትጥል ቀና ብላ ሄደች።